ከማሳ መዝገብ ወደ ጥቁሩ መስኮት፦ ስታቲስቲክስን በትዕዛዝ መስመር ማስኬድ

አንበሳሜ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወረታና ከፎገራ ሜዳ ጋር ስሟ አብሮ የሚነሳበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም ዋናው ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በደራው ጅግናና በፎገራው ሻጋ በነበሩ የገበሬ አምራች ማኅበራት ሩዝ አስሞከሩ። ክረምት በገባ ቁጥር የጉማራና የርብ ወንዞች እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት፣ ለሌላ እህል አልመች ያለው መሬት በዚያ ሰበብ ሩዝ አብቃይ ሆነ። ከዚያን ጊዜ የቀረው ነጭ ሩዝ ዛሬም የጅግናን ስም ይዞ «ኤክስ ጅግና» ይባላል፤ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይጋገርበታል።

ከዚያ ወዲህ ጉማራ፣ እድገት፣ ሻጋ የተባሉ ዝርያዎች ተለቀዋል፤ በፍል ውኃው የሚታወቀው የደራው ዋንዛዬም ስሙን ለአንድ የሩዝ ዝርያ ሰጥቷል። ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። አንድ ዝርያ ለገበሬው ከመለቀቁ በፊት በተለያየ ቦታና በተከታታይ ዓመታት ይሞከራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከእያንዳንዷ የሙከራ መደብ የታጨደው ተወቅቶ ይመዘናል፣ ቁጥሩ በመዝገብ ይሰፍራል፣ ከመዝገብ ወደ ኤክሴል ይገባል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው ከዚያ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው። ቁጥሩ በምን ተሰልቶ ነው «ይኼኛው ዝርያ ከዚያኛው ይበልጣል» የሚባለው? ስሌቱን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው፣ በሌላ ኮምፒውተር ቢያስኬደው ያው ውጤት ይመጣል ወይ?

ጥያቄው የተመራማሪ ብቻ አይደለም። በባሕር ዳርና በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ፣ የጤና መረጃ የሚያጠናቅር ሠራተኛ፣ ሁሉም አንድ ቀን ይደርስበታል። መልሱ ደግሞ ብዙ ጀማሪ ከሚፈራው ጥቁር መስኮት ጋር ይያያዛል፤ ዊንዶውስ ላይ «ኮማንድ ፕሮምፕት»፣ ሊኑክስና ማክ ላይ «ተርሚናል» ከሚባለው። በተለምዶ የትዕዛዝ መስመር የሚማሩት መጨረሻ ላይ፣ ያውም የግድ ሲሆን ነው። መሆን ያለበት ግን የተገላቢጦሹ ነው፤ ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊለምደው ይገባል።

መሣሪያዎቹን በአጭሩ እንለፍ። የግብርና ምርምር ሰዎች የለመዷቸው ሳስና ጄንስታት ናቸው፤ በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ኤስፒኤስኤስ። ጄንስታት የተወለደው በእንግሊዙ ሮዛምስቴድ የምርምር ጣቢያ ነው፤ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 ሥራ ጀምሮ ዛሬ በየሙከራ መደቡ የምንጠቀምበትን፣ የቡድኖችን አማካይ የሚያወዳድረውን የአኖቫ ስሌት ያደረጀበት ቦታ ነው። ሳስ በየጊዜው የሚታደስ የፈቃድ ክፍያ ይጠይቃል። ለተማሪ ኪስ የሚስማማው «አር» ነው። ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን በኒውዚላንዱ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ጀመሩት፤ በቤል ላብራቶሪ የተሠራውን «ኤስ» የተባለ ቋንቋ ተከትለው። እ.ኤ.አ. በ1995 ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ፈቀዱ፤ ቁጥር 1.0.0 የተሰጠው ዕትሙ የወጣው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000 ነው።

አርን ማስኬጃ መንገዱ ግን አንድ አይደለም፤ የጀማሪው ግራ መጋባትም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ፕሮግራሙን ከፍቶ ትዕዛዙን አንድ በአንድ መጻፍ ወይም ከሌላ ቦታ ቀድቶ መለጠፍ ነው። ለመተዋወቂያ ጥሩ ነው፤ ችግሩ መስኮቱ ሲዘጋ ሥራው አብሮ መጥፋቱ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አርስቱዲዮ ነው። ስክሪፕቱ በአንድ በኩል፣ ውጤቱ በሌላ በኩል፣ ግራፉ ከታች ይታያል። ለመጻፍና ለመሞከር ምቹነቱ አያከራክርም፤ በዚያው ልክ ግን አንድ ጉድለት ይደብቃል። ሰው በአርስቱዲዮ ሲሠራ መስመሮቹን እየመረጠ፣ አንዳንዴም ከታች ወደ ላይ እየዘለለ ያስኬዳል። የተሠራው ሁሉ በማኅደረ ትውስታ ይቀመጣል። ሲወጣ «የሥራ ቦታህ ይቀመጥ?» ሲባል «አዎ» ካለ፣ ያለፈው ሳምንት ሰንጠረዥ በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሶ ይጫናል። ስክሪፕቱ ውስጥ ዳታውን የሚያነብበው መስመር ቢጠፋ እንኳ ሥራው እንደ ደህና ይቀጥላል፤ የሚያሰላው ግን የትናንቱን ቁጥር ነው።

ሦስተኛው ጥንታዊው «አር ሲኤምዲ ባች» ነው። ከጥቁሩ መስኮት ይነሳል፣ ስክሪፕቱን ከላይ እስከ ታች ያስኬዳል፣ ትዕዛዙንም ውጤቱንም አደባልቆ መጨረሻው «ነጥብ አር-አውት» በሆነ ፋይል ያስቀምጣል። ይህም ቢሆን የተቀመጠ የሥራ ቦታ ፎልደሩ ውስጥ ካገኘ ጭኖት ነው የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከአር 2.5.0 ጋር የመጣው «አርስክሪፕት» ግን የድሮውን አይጭንም። ባዶ እጁን ይነሳል፤ ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን ብቻ ያደርጋል፤ ስህተት ካገኘ «ሥራው ቆሟል» ብሎ እዚያው ይቆማል። አርስቱዲዮ ላይ መስመር በመስመር ለሚሠራ ሰው ስህተቱ በቀይ ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ ቀጣዩ መስመር በአሮጌው ሰንጠረዥ ላይ መሥራቱን ይቀጥላል። አርስክሪፕት ያንን ዕድል አይሰጥም። ጀማሪ የሚሸሸው ይህ ግትርነቱ ነው፤ ለጀማሪ የሚበጀውም እሱው ነው።

አሁን አንድ ሥራ ጠጋ ብለን እንይ። አንድ ተማሪ 12 የሩዝ ዝርያዎችን በ3 ድግግሞሽ አወዳድሯል እንበል፤ 36 መደብ ማለት ነው። ኤክሴሉን ሲኤስቪ አድርጎ አስቀምጧል፤ አምዶቹ ድግግሞሽ፣ ዝርያ፣ ምርት ናቸው። ስክሪፕቱ አራት ነገር ያደርጋል፦ ፋይሉን ያነብባል፣ አኖቫ ያሰላል፣ ሰንጠረዡን ያትማል፣ አንድ ግራፍ ይስላል። ተማሪው ፋይሎቹ ያሉበትን ፎልደር ይከፍትና ከላይ አድራሻው የሚታይበት ሳጥን ላይ ጠቅ አድርጎ «ሲኤምዲ» ብሎ በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ ኢንተር ይመታል። ጥቁሩ መስኮት እዚያው ፎልደር ላይ ቆሞ ይከፈታል። ይህች ትንሽ ዘዴ ከፎልደር ፎልደር መንከራተትን ታስቀራለች። ከዚያ «አርስክሪፕት» ብሎ ይጽፋል፤ አንድ ክፍት ቦታ፤ ቀጥሎ የስክሪፕቱ ስም ከነ«ነጥብ አር» መጨረሻው፤ ኢንተር።

የሚመጣለት ውጤት ሳይሆን ተግሣጽ ነው፦ ይህ ስም እንደ ውስጣዊም ሆነ እንደ ውጫዊ ትዕዛዝ አልታወቀም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አር አልተጫነም» ብሎ አውርዶ እንደገና ይጭናል። አር ተጭኗል። ዊንዶውስ የተጻፈለትን ስም የሚፈልገው «ፓዝ» በሚባል የፎልደሮች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ የአር ጫኝ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ራሱን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አያስገባም። መፍትሔው ሲ ድራይቭ ላይ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ገብቶ፣ የአር ፎልደር ውስጥ «ቢን» የተባለውን ፈልጎ፣ አድራሻውን በሲስተም ቅንብር በኩል ፓዝ ላይ መጨመር ነው፤ ከዚያ መስኮቱን ዘግቶ እንደገና መክፈት። የፎልደሩ ስም የዕትሙን ቁጥር ስለሚይዝ አዲስ አር ሲጫን ይህ አድራሻ ይለወጣል። ዓመት ሙሉ ሲሠራ የከረመ ትዕዛዝ አንድ ቀን በድንገት «አልታወቀም» ቢል ወይም የድሮውን ዕትም ቢያስነሳ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጋሬጣ አድራሻ አጻጻፍ ነው። ዊንዶውስ ፎልደሮችን የሚለየው ወደ ኋላ በተጋደመ ሰረዝ ነው፤ አር ደግሞ ያንን ሰረዝ በጽሑፍ ውስጥ የልዩ ምልክት መጀመሪያ አድርጎ ይወስደዋል። በተለይ «ዩዘርስ» ከሚለው ፎልደር በፊት ሲመጣ፣ ሰረዙና ትልቁ «ዩ» ተጋጥመው የዩኒኮድ ፊደል ቁጥር ሊከተል ነው ብሎ ይጠብቃል፤ ስክሪፕቱ ገና ሳይጀምር በስህተት ይቆማል። ወደ ፊት የተጋደመውን ሰረዝ መጠቀም ይበቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሙሉ አድራሻ አለመጻፍ ነው። ዳታው ከስክሪፕቱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ካለና መስኮቱ እዚያው ከተከፈተ የፋይሉ ስም ብቻ ይበቃዋል፤ ፎልደሩ በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቢዞርም ይሠራል። በስሙ መካከል ክፍት ቦታ ያለበት ፋይል በጥቅስ ምልክት ካልታሰረ እንደ ሁለት ስም ይቆጠራል፤ ስለዚህ ከመነሻው ክፍት ቦታ የሌለው ስም ማውጣት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ታልፎ ሰንጠረዡ ወጣ እንበል። ጀማሪው እዚህ ላይ እፎይ ብሎ ፒ ቫልዩውን ብቻ አይቶ ያልፋል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን የነፃነት ዲግሪ የሚባለው አምድ ነው። ለ12 ዝርያና ለ3 ድግግሞሽ፣ ድግግሞሽ 2፣ ዝርያ 11፣ ስህተት 22፣ ድምሩ 35 መሆን አለበት። ድግግሞሹ መዝገብ ላይ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ስለገባ አር እንደ መጠን ቁጥር ያነበው እንደሆነ ድግግሞሽ 1፣ ስህተት 23 ሆኖ ይወጣል። ምንም ማስጠንቀቂያ የለም፤ ሰንጠረዡ ያምራል፤ ስሌቱ ግን የተሳሳተ ነው። ድግግሞሽ የቡድን መለያ እንጂ መጠን እንዳልሆነ በስክሪፕቱ ውስጥ «ፋክተር» በሚል አንድ መስመር መነገር አለበት። ይህ ስህተት በጠቅታም በትዕዛዝም ይሠራል፤ ልዩነቱ በስክሪፕት ሲሆን መስመሩ መኖር አለመኖሩን አማካሪው መምህር በዓይኑ ማየት መቻሉ ነው።

ግራፉስ የት ሄደ? አርስቱዲዮ ላይ ከታች ይታይ ነበር፤ በአርስክሪፕት ግን የሚያሳይበት መስኮት ስለሌለ «አርፕሎትስ» በሚል ስም ፒዲኤፍ ሆኖ ፎልደሩ ውስጥ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያስኬድ በዚያው ስም ተጽፎ የቀድሞውን ይደመስሰዋል። ስለዚህ ከመሳል በፊት የምስሉን ፋይል ስምና መጠን ሰይሞ መክፈት፣ ከሳሉ በኋላ መዝጋት ያስፈልጋል። መዝጊያውን የረሳ ሰው ግራፉ የጎደለ ወይም የተበላሸ ፋይል ይጠብቀዋል።

የትዕዛዝ መስመር ዋጋው በደንብ የሚታየው ሙከራው ሲበዛ ነው። ያው የዝርያ ሙከራ ወረታ ላይም ፓዌ ላይም፣ ዘንድሮም ከርሞም ይካሄዳል። ለእያንዳንዱ ስክሪፕቱን እየቀዱ የፋይል ስም መቀያየር ሥራ ያበዛል፤ አንዱ ላይ የታረመ ስህተት ሌላው ላይ ሳይታረም ይቀራል። አርስክሪፕት ከስክሪፕቱ ስም ቀጥሎ የተጻፈለትን ቃል ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ከኋላው የዳታውን ፋይል ስም መጻፍ ብቻ ነው፤ አንዱ ስክሪፕት ሁሉንም ጣቢያ ያስተናግዳል። ጀማሪ ማወቅ ያለበት፣ በዚህ መንገድ የሚገባ ነገር ሁሉ እንደ ጽሑፍ መግባቱን ነው፤ 12 ብሎ ቢጽፍ እንኳ አር የሚያየው ሁለት ፊደል ነው፤ ወደ ቁጥር መለወጥ የጸሐፊው ፋንታ ነው።

በተለይ በእኛ አገር ዳታ ላይ የሚያጋጥም ችግር ደግሞ አለ፤ እሱም ዘመን አቆጣጠሩ ነው። የማሳ መዝገብ የሚጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ አር የሚያውቀው የጎርጎርዮሱን ብቻ ነው። ሩዙ ሰኔ 20 ቀን 2015 ተዘርቶ መስከረም 25 ቀን 2016 አበበ እንበል። ሰኔ 10ኛ ወር፣ መስከረም 1ኛ ወር ተብሎ ሲገባ አር ከኦክቶበር 20 እስከ ጃንዋሪ 25 ብሎ ያነብና 97 ቀን ይላል። እውነተኛው ግን 101 ቀን ነው፤ በ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረችና። ቶሎ የሚደርስ ዝርያ በሚፈለግበት ሜዳ ላይ 4 ቀን ቀላል ልዩነት አይደለም። ጥቅምት 30 ደግሞ «ፌብሩዋሪ 30» ስለሚሆንበት በጸጥታ ባዶ ያደርገዋል፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች ዕጣዋ ያው ነው። ቀኑን ከመጀመሪያው ለውጦ ማስገባት፣ ወይም መለወጫውን ስክሪፕቱ ውስጥ መጻፍ የግድ ነው። በኤክሴል ውስጥ በእጅ የተደረገ ለውጥ ግን ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ረድፍ ላይ እንዳደረገው አይታወቅም።

የፊደል ጉዳይም አለ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እንደዚያም ሆኖ አር ዊንዶውስ ላይ «ዩቲኤፍ 8»ን እንደ ራሱ ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 4.2.0 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት «አንበሳሜ» ብሎ የገባ የቦታ ስም በማዕዘን ቅንፍ የታሠረ የቁጥር ኮተት ሆኖ ሊወጣ ይችል ነበር። የአማርኛ ዳታ ያለው ሰው አሮጌ ዕትም ይዞ መቆየት የለበትም። አዲሱም ላይ ቢሆን ጥቁሩ መስኮት ራሱ የግዕዝ ፊደል ከሌለው ሳጥን ሳጥን ብቻ ያሳያል፤ ውጤቱን ወደ ፋይል አስጽፎ በኖትፓድ መክፈት ከዚህ ግርታ ያድናል።

ኢንተርኔትና መብራትም አሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ወራት ተቋርጦ ነበር። የአር ሥራ ደግሞ «ፓኬጅ» በሚባሉ ተጨማሪዎች ላይ ይደገፋል፤ ለምሳሌ የግብርና ሙከራ ስሌቶችን የያዘው «አግሪኮሌ» ከኢንተርኔት ነው የሚወርደው። መጫኛውን ትዕዛዝ ስክሪፕቱ ውስጥ የተወ ሰው ስክሪፕቱን ባስኬደ ቁጥር ኢንተርኔት ይለምናል፤ በአርስክሪፕት ሲሆን ደግሞ ከየትኛው አገልጋይ እንደሚያወርድ ስላልተነገረው ስህተት ሰጥቶ ይቆማል። መጫን አንዴ፣ ለብቻ የሚሠራ ሥራ ነው። ግንኙነት ባለበት ከተማ ፓኬጁን እሱ ከሚደገፍባቸው ሌሎች ፓኬጆች ጋር በፍላሽ አውርዶ መያዝ ይቻላል፤ ከእነዚህ አንዱ ከቀረ ግን ዋናው አይነሳም። መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ረዥም ስሌትን ከፋፍሎ እያንዳንዱን ደረጃ በየፋይሉ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ መብራት ሲመለስ ስክሪፕቱ የተቀመጠውን አይቶ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከሩዝ ማሳ ወጣ ብለን ስናይ ነገሩ ይብሳል። በያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ በዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ከዓለም ባንክ ጋር የሚካሄደው የቤተሰብ ኑሮ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011/12 ሲጀመር 3,969 ቤተሰቦችን የያዘ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በ2013/14፣ በ2015/16፣ በ2018/19 እና በ2021/22 ተደግሟል። ዳታው ተመዝግቦ ለሚጠይቅ በነፃ ይገኛል፤ በየዙሩ ግን በብዙ ፋይል የተከፋፈለ ነው። ያንን በጠቅታ አገጣጥሞ በሌላ ቀን ያንኑ ውጤት መድገም ከባድ ነው። በዚህ ዓይነት ጥናት ላይ ስታታ የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚወደደው «ዱ ፋይል» በሚባለው ስክሪፕቱ ነው፤ እሱም ከጥቁሩ መስኮት ተነስቶ የሠራውን በመዝገብ ፋይል አስቀምጦ መውጣት ይችላል። ፓይተን ላይም መንገዱ ያው ነው፤ የፕሮግራሙ ስም፣ ክፍት ቦታ፣ የፋይሉ ስም። አንዱን የለመደ ሌላው አይከብደውም።

ተቃውሞው መደመጥ አለበት። «ተማሪው ስታቲስቲክሱ ራሱ ከብዶታል፤ ጥቁር መስኮት ለምን ይጨመርበታል?» የሚሉ መምህራን አሉ፤ ስጋታቸውም መሠረት አለው። በመጀመሪያው ቀን ፓዝ ምን እንደሆነ ለማስረዳት የሚጠፋው ሰዓት ለአኖቫ ትርጉም ቢውል ይሻል ነበር ያሰኛል። አርስቱዲዮ መማሪያ ሆኖ ይቀጥል፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለም። ነገር ግን ሥራው አልቋል ከማለት በፊት ስክሪፕቱ አንድ ጊዜ በአርስክሪፕት፣ ከዜሮ ተነስቶ፣ ያለ ሰው እጅ መጨረሻው ላይ መድረስ አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው። ከስክሪፕቱ መጨረሻም የአርና የፓኬጆቹን ዕትም የሚያትም አንድ መስመር ይጨመር፤ አሮጌ ስክሪፕት አዲስ ዕትም ላይ ለምን ሌላ ውጤት እንደሰጠ ፍንጭ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ከዚያ ተማሪው ፎልደሩን በፍላሽ ይዞ ወደ ዶርም ጓደኛው ይሄዳል። ጓደኛው ስለ ሩዝ ምንም አያውቅም፤ አር ግን ኮምፒውተሩ ላይ አለ። ሲኤምዲ ከፍቶ፣ አንዷን መስመር ጽፎ፣ ኢንተር መትቶ ይጠብቃል። ሁለቱ አብረው የሚያዩት የነፃነት ዲግሪውን አምድ ነው፦ 2፣ 11፣ 22።